የክምር ቁና እና የጣውላ ውፍረት

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ አየነው ካረፈ ደግሞ ስምንት ወሩ ነው። በዚህ መሀል አንድ ቀን በእኔ ቦታ የተተካችው የስቶር ሠራተኛ ደወለችልኝና፣ «እትዬ የሺ፣ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ቁና ይይዛል?» አለችኝ። ሁለት መቶ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልቤ አልረጋ አለ። መልሼ ደውዬ መቶ ስልሳ ስድስት አልኳት። ትንሽ ቆይቼ ለሦስተኛ ጊዜ ደወልኩና፣ «ሜትር ኩቡ የተለካው ከውጭ ነው ከውስጥ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ይተውት በቃ፣ በኪሎ እንሠራዋለን» አለችኝ።

እሷ ተወችው። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት በወጥ ቤትና በእህል ስቶር ሠርቻለሁ። ባሌ ደግሞ የእንጨት ለኪ ነበር። እኔ በቁናና በጣሳ፣ እሱ በሜትር ኩብ እያሰብን ነው አንድ ቤት የኖርነው። በሁለታችን ስሌት አንድ የዱቄት ሳጥን ተሠራ። ሳጥኑ ጎደለ፤ በዚያ ሰበብ ሰው ታመመ፤ የባሌም ስም ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የእሱ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖርኩ። አሁን ስጽፈው ራሱ ይምታታብኛል። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የገባሁት ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ሉማሜ ውስጥ በነበረ አንድ የገበሬዎች ማሰልጠኛ ወጥ ቤት ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን ልተወው። የማሰልጠኛው ኃላፊ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ የሚፈርሙ ደግ ሰው ስለነበሩ ወጥ ቤቱን በእውነት የሚያስተዳድሩት የወጥ ቤት አለቃዋ እትዬ ጥሩዓለም ነበሩ። አጭር፣ ጠይም ሴት ናቸው፤ የቀኝ እጅጌያቸው ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው ተጠቅልሎ ይታያል። ለምን እንደሚጠቀልሉት የገባኝ በሳምንቴ ነው። ቁናው ላይ እህል ከሞሉ በኋላ በዚያ ባዶ ክንዳቸው አፉን ጥርግ ያደርጉታል። በመዳፌ ልጠርግ ስል አዩኝና እጄን ያዙት።

«መዳፍ ጎድጓዳ ነው፤ ሳታውቂው ይሰርቃል» አሉኝ። «ክንድ ቀጥ ያለ ነው። ስትጠርጊ ደግሞ ትንፋሽሽን ያዢ።»

አዲስ ቁና ሲመጣ ዝም ብለው አይቀበሉትም። ቀድሞ በሚያውቁት ጣሳ ጤፍ እየሰፈሩ ይሞሉታል፤ ከሌላው ጋር እኩል ከያዘ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያስሩለታል። ክር የሌለው ቁና በወጥ ቤታቸው እህል አይሰፈርበትም። ዱቄት የተሰፈረበትን ቁና መሬት ላይ ጠቅ ያደረገ ሰው ደግሞ ወየውለት። «ዱቄት እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነው፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ይጠጋጋል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይጫንበታል» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት ሲያስረክብ ቁናውን ሦስቴ ጠቅ አድርጎ ሞላው። እትዬ ጥሩዓለም ሁሉንም ወደ ጆንያው ገለበጡና ክንዳቸውን ሰብስበው፣ «እንደገና። አሁን ደግሞ እንዳታንገጫግጨው» አሉት።

ከሉማሜ ወደ ይጁቤ ተዛወርኩ። አየነውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ለወጥ ቤታችን ማገዶ የሚያቀርብ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር፤ እሱ የመሰንጠቂያው ለኪ ነው። የመጀመሪያ ቀን የባህር ዛፉን ፍልጥ በግቢው አስደርድሮ፣ ሜትሩን ዘርግቶ በርዝመት፣ በጎንና በቁመት ለካውና፣ «አራት ሜትር ኩብ። ይፈርሙ» አለኝ።

ክምሩን ዞሬ አየሁት። በፍልጦቹ መሀል ድመት ታልፋለች።

«ይኼ ሁሉ ንፋስ ነው እንጂ እንጨት ነው?» አልኩት።

«ንፋሱም አብሮ ይለካል፤ ደንቡ ነው።»

«እንግዲያው ንፋስህን ይዘህ ሂድና እንጨቱን ተውልኝ።»

ሜትሩን እየጠቀለለ ፈገግ አለ። «እርስዎ ባቄላ ሲሰፍሩ ንፋሱን ያወጡታል? ባቄላው ላይ ጤፍ ቢያፈሱበት ስንት ይጠጣል?»

ፈረምኩ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አላስቻለኝም። አንድ ቁና ባቄላ ሞላሁ፤ በላዩ ጤፍ በጣሳ አፈሰስኩበት። ሁለት ጣሳ ጠጣ። ከዚያ ባቄላውን ከጤፉ ለመለየት ስነፋ አመሸሁ። በሳምንቱ ሲመጣ ከበሩ ላይ ሆኜ «ሁለት ጣሳ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ንፋሱ።»

ከዚያ ወዲያ እርስዎ ማለቱን ተወ፤ በዓመቱ ተጋባን። ልጅ አልሰጠንም። ሁለታችንም ሥራ አግኝተን ወደ ደብረ ማርቆስ ገባን፤ እሱ እዚያው ከተማ ባለ ሌላ መሰንጠቂያ፣ እኔ በክረምት መምህራንን ተቀብሎ በሚያሠለጥን አንድ ተቋም ስቶር።

በዚያ ጊዜ ከተቋሙ ቢሮ የሚመጣው ወረቀት በሊትርና በሜትር ኩብ ነው፤ በወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ግን በቁናና በጣሳ ካልሆነ አይገባቸውም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አየነው የሊትር ጠርሙስ ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ ጣሳዬንና ቁናዬን አመጣሁ። ጣሳውን በውሃ፣ ቁናውን በጤፍ ለካን። ቁናው አፉ ተጠርጎ አምስት ሊትር ሆነ። አየነው በካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፈልኝ፦ አንድ ቁና አምስት ሊትር፣ አንድ ሜትር ኩብ ሁለት መቶ ቁና። ካርቶኑን ስቶሩ በር ላይ ሰቀልኩት። ሴቶቹ እየመጡ ያዩትና ይስቁ ነበር። «የሺ ቤት ጣውላ በጣሳ ይሰፈራል» ይሉኛል።

አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል። ካርቶኑ የተጻፈው ለተጠረገ ቁና ነው። እኔ ግን ከጊዜ በኋላ ቁና መጥረግ ተውኩ። በአገራችን ለሰው የሚሰፈር እህል አፉ ይጠረጋል እንዴ? ገበያ ላይ ሻጭ ቁናውን ጠርጎ ቢሰጥ ስሙ ስስታም ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ዱቄት ልትወስድ መጥታ ክንዴን ካነሳሁ፣ «ኧረ የሺ፣ የሰው ልጅ ሊበላው ነው፣ ምላጭ አታስጠጊበት» ትለኛለች። ቀስ በቀስ እጅጌዬን ወደ ታች አወረድኩት። ቁናው ከነክምሩ መሰፈር ጀመረ። ክምሩ አንድ ሊትር ያህል ይሆናል። ካርቶኑ ግን በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አምስት ይላል።

ሚሊኒየሙ ሊከበር አንድ ክረምት ሲቀረው የሠልጣኙ ቁጥር ጨመረ። በክረምት ወፍጮው ናፍጣ እያጣ ስለሚቆም የሐምሌው ዱቄት በሰኔ ተፈጭቶ መቀመጥ ነበረበት። የተቋሙ አስተዳዳሪ አቶ በላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ግን ቀጠሮ የሚያጠብቁ ሰው ነበሩ። ከአየነው መሰንጠቂያ የጣውላ ሳጥን እንዲሠራ አዘዙና መጠኑን እኔ እንድሰጥ ነገሩኝ።

ቤት ስንገናኝ አየነው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ «ስንት ያስፈልግሻል?» አለኝ።

«ያለፈውን ክረምት አይቼ ነው፤ ሦስት መቶ ቁና።»

«ቁናሽ አምስት ሊትር ነው አይደል?»

«ካርቶኑ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ።»

«እንግዲያው አንድ ተኩል ሜትር ኩብ። ርዝመቱ ሜትር ተኩል፣ ጎኑ ሜትር፣ ቁመቱ ሜትር። ትንሽ ላስፋልሽ ይሆን?»

«የስቶሩ በር አያስገባውም» አልኩት።

በዚህ ተስማማን። ሦስት መቶው ከነክምሩ የተሰፈረ ሦስት መቶ መሆኑ ትዝ አላለኝም። የመሰንጠቂያው አናጢ ሳጥኑን ልክ እንደተባለው ሠራው፤ ሜትር ተኩሉም ሜትሩም ከውጭ ነው። አየነው ዕድሜውን ሙሉ የለካው ግንድና ጣውላ ነው፤ ግንድ ውስጥ የለውም። የጣውላው ውፍረት ከሳጥኑ ሆድ እንደሚቀንስ አላሰበውም፤ ወይም አስቦት ረስቶታል። ይህንንም አላውቅም።

ዱቄቱ የመጣ ቀን ሳጥኑ ሞልቶ ስድስት ጆንያ ተረፈ። ጆንያዎቹን በኋለኛው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ አስቀመጥናቸው። ሐምሌ ገባ። የጎጃም ሐምሌ መሬቱን ከሥር ያርሰዋል። የሳጥኑ ዱቄት ሲያልቅ ወደ ጆንያዎቹ ሄድኩ። ሁለቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛውን ስፈታ የታፈነ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እጄን ወደ ሥር ሰደድኩ፤ ዱቄቱ ተጓጉሏል፤ ቀለሙም አመድማ ነው።

የፈተናው ሳምንት ነበር። ወፍጮው ቆሟል። ቢሮ ሄጄ «ዱቄት ተበላሸ» ብል ሠልጣኞቹ ሊበተኑ ነው፤ እኔም ልጠየቅ ነው። የተጓጎለውን አወጣሁ፣ የቀረውን ሁለት ጊዜ ነፋሁ፣ ከደህናው ጋር ቀላቀልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለሴቶቹ ሰጠኋቸው፤ ዳቦ ጋገሩ።

በማግስቱ አስራ አንድ ሠልጣኞች ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። አስሩ በሁለት ቀን ተመለሱ። ከዲማ የመጣች ስመኝ የምትባል ልጅ ግን ሁለት ሳምንት ተኛች። ፈተናው አለፋት፤ ወደ አገሯ ሄደች።

አቶ በላቸው ቢሮ ተጠራሁ። «ዱቄቱ ለምን መሬት ላይ ተቀመጠ?» አሉኝ።

«ሳጥኑ አልበቃም።»

«ሳጥኑን ማን ለካው?»

አየነውን አስጠሩት። መጣ፤ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሲጠይቁት ወደ እኔ አላየም። «እኔ ነኝ። ስሌቱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀን ሰው የለም። ነገሩ ወደ መሰንጠቂያው ተጻፈ፤ አየነው ከለኪነት ተነስቶ ግንድ አውራጅ ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሜትር በእጁ አልያዘም። ከተማው ስም አወጣለት፤ «ጎደሎ ሳጥን» አሉት። በመንገድ ሲያልፍ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ «ጎደሎ ሳጥን፣ ዛሬስ ስንት ያዝክ?» የሚሉት ነበሩ።

እኛ ቤት ግን ስለ ሳጥኑ አንድም ቀን አልተነሳም። እኔ በልቤ፣ ከውጭ ለክቶ ጉድ ሠራኝ እል ነበር። ይቅር ብዬዋለሁም እል ነበር። ይቅር እንዳለ ሰው ራት አቀርብለታለሁ፤ እሱም ይቅር እንደተባለ ሰው ይበላል። እንደዚያ መስሎኝ ነው የኖርኩት።

ሲያርፍ ለቅሶ ከደረሱን ሰዎች አንዱ ደሳለኝ ነው፤ በመሰንጠቂያው አብሮት የሠራ። ሰው ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«እህቴ የሺ፣ እግዜር ያጥናሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አየነው ከሥራው የተነሳ ቀን ተናድጄ፣ የሚስትህ ቁና እኮ ክምር ነው፣ ለምን አትነግራቸውም አልኩት። ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ስለ ሳጥኑ እስከጠየቁ ድረስ ስለ ዱቄቱ አይጠይቋትም› አለኝ። እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምን ማለቱ ነው?»

«አላውቅም» አልኩት። ባሌ ከተቀበረ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ እኔም ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ ስደምር እረሳለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ጣውላው አራት ሳንቲሜትር ውፍረት ነበረው። ከሁለቱም ጫፍ፣ ከሁለቱም ጎንና ከሥር ሲቀነስ ሳጥኑ የሚይዘው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሊትር ነው። በጣውላው የጎደለው ሁለት መቶ አርባ ስድስት፤ በእኔ ክምር የጎደለው ሦስት መቶ። እንግዲህ የእኔ ይበልጣል አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ዱቄቱ ወደ ሳጥኑ ሲገለበጥ ተጠጋግቶ ከሆነስ አልኩ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። እንደገና ጀመርኩ። አንድ ቀን መሀል ላይ እርሳሱን አስቀመጥኩት። ሳጥኑ ማንንም አላሳመመም። የተረፈው ዱቄት ስድስት ጆንያ ይሁን አንድ፣ ጆንያውን ፈትቼ አሽትቼ ያበላሁት እኔ ነኝ። ይህንን በሊትርም በቁናም መለወጥ አይቻልም። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳጥኑን ሆድ ስለካ የኖርኩት ይህን ላለማየት ነው። አየነው እንዴት አወቀ? ምናልባት በዚያ ሰሞን ከሥራ ስገባ ልብሴ ሸቶት ይሆናል።

ስመኝን አፈላለግኳት። በዓመቱ ተመልሳ ተፈትና ኖሯል፤ አሁን ሉማሜ ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ወፍራም፣ ረጋ ያለች ሴት ሆናለች። ማንነቴን ስነግራት ወዲያው አወቀችኝ።

«ዱቄቱ ሸቶኝ ነበር» አልኳት። «አውቄ ነው ያበላኋችሁ።»

ብርጭቆዋን አዞረችው። «እኛም እኮ ሸቶን ነበር፣ እትዬ የሺ። ዳቦው ጆንያ ጆንያ ይላል ብዬ ለጓደኛዬ ነግሬያታለሁ። ርቦን ስለነበር በላን። ብቻ እርስዎ ያወቁ አልመሰለኝም። አንድ ዓመት ነው የሄደብኝ። ይቅር ብያለሁ ልበልዎት?»

«የመሰለሽን በይ።»

«ዛሬ ብል ውሸት ይሆናል። ግን እኔም አንድ ነገር አለብኝ። በዓመቱ ስመለስ ባልዎን ገበያ አጠገብ አገኘሁት። ሰው ያለውን ሰምቼ፣ ሰው እየሰማ፣ ጎደሎ ሳጥን ብዬ ጮህኩበት።»

«ምን አለሽ?»

«ቆቡን ብድግ አደረገና ‹ዳንሽ፣ ልጄ?› አለኝ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ ግን ዝም አልኩት። ይህን ለማን ልንገረው?»

እኔም ለማን እንደምነግረው ያወቅኩት ያኔ ነው። ያን ስም ያወጣው ከተማው ነው፤ ከእድራችን አባላት ውስጥ ግማሹ ወይ የመሰንጠቂያው፣ ወይ የተቋሙ ጡረተኛ ነው።

ባለፈው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ስመኝ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። የአዳራሹ መጠገኛ፣ የድንኳኑ መቀደድ ተነገረ። «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል ተነሳሁ። ቁናውንና ጣውላውን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሦስት መቶውንና ሁለት መቶ አርባ ስድስቱን አምታታሁት። ከኋላ አንዱ፣ «እሜቴ፣ ይህ ሒሳብ ለእኛ አይገባንም» አለ።

«ለእኔም አልገባኝም» አልኩት። «ሳጥኑ የጎደለው በሁለታችን ስሌት ነው። ዱቄቱ ግን መበላሸቱን አውቄ ያበላሁት እኔ ብቻዬን ነኝ። አየነው ያውቅ ነበር፤ እኔን ሊሸፍን ዝም አለ። ጎደሎ እያላችሁ የጠራችሁት እሱን ነው።»

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን እንዳነሳ ቀርቷል። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህታችን፣ ይህ ነገር ይመዝገብ ወይስ እንዲሁ ሰምተን እንለፈው?»

«ይመዝገብ» አልኩ።